«ሂጅራ» እና «ስደት»፦ የአንድ ሥር ምርመራ

በመድረሳም በኹጥባም «ሂጅራ»ን «ስደት» ብሎ መተርጎም ልማድ ሆኗል። ትርጉሙ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ነገር ግን የዐረብኛውን ሥር ለመረመረ ሰው የቃሉን ግማሽ ያስቀራል።

የቃሉ ሥር ሃ፣ ጂም፣ ራ ነው። በ395 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት የቋንቋ ሊቅ ኢብን ፋሪስ «መቃዪሱል ሉጋ» በተባለው መዝገበ ቃላታቸው ለሥሩ ሁለት መነሻ ይሰጡታል፤ አንደኛው መቁረጥና መለየት፣ ሁለተኛው ማጥበቅና ማሰር ነው። ከሁለተኛው «ሂጃር»፣ ማለትም የግመል እግር የሚታሰርበት ገመድ፣ ይወጣል። ከመጀመሪያው «ሀጀረ» (ተወ፣ ራቀ)፣ «መህጁር» (የተተወ) እና «ሙሃጂር» ይገኛሉ።

ቁርኣን ይህን ሥር ጉዞ በሌለበትም ይጠቀምበታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሱረቱል ሙዘሚል (73፥10) ከሚዘልፏቸው ሰዎች በመልካም አኳኋን እንዲርቁ፣ በሱረቱል ሙደሢር (74፥5) ርኩሰትን እንዲተዉ ታዘዋል። በሁለቱም ስፍራ የሚጠየቀው አገር መልቀቅ ሳይሆን የልብና የተግባር መለየት ነው።

«ስደት» የመጣው «ሰደደ» ከሚለው ግሥ ነው። «ተሰደደ» ስንል አባራሪ አለ፤ ሰውየው ተደራጊ ነው። «ሃጀረ» ስንል ግን አድራጊው እርሱ ራሱ ነው። ሱረቱል ሐሽር (59፥8) ልዩነቱን ግልጽ ያደርገዋል። አያው ድኾቹን «ሙሃጂሮች» ካለ በኋላ ከቤታቸውና ከንብረታቸው መባረራቸውን በሌላ ግሥ፣ በ«ኡኽሪጁ»፣ ይናገራል፤ ቀጥሎም የአላህን ችሮታና ውዴታ ፈላጊዎች መሆናቸውን ይመሰክራል። መባረራቸው የቁረይሽ በደል ነው፤ ሂጅራቸው የእነርሱ ሥራ ነው። ሙሃጂርን «ስደተኛ» ብቻ ካልን ሁለቱ ይደባለቁብናል።

ሶሃቦች ቃሉን እንዲህ እንደተረዱት ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የአስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ታሪክ ያስረዳል። እርሷ እ.ኤ.አ. በ615 ከተጀመረው የሐበሻ ሂጅራ ተጓዦች አንዷ ስትሆን፣ በኸይበር ዘመቻ ወቅት፣ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ወደ መዲና መጣች። ዑመር (ረ.ዐ.) «በሂጅራ ቀድመናችኋል» ቢሏት ተቆጥታ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቤት አለች። እርሳቸውም ለዑመርና ለባልደረቦቻቸው አንድ ሂጅራ፣ በመርከብ ለመጡት ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ነገሯት። በመባረር ማንም አይቀዳደምም፤ በሥራ ግን ይቀዳደማል።

ስለዚህ «ስደት» የሚለውን ቃል መጣል አያስፈልገንም። መምህሩ «ሂጅራ»ን በስሙ ጠርቶ፣ በደሉንም ምርጫውንም ለየብቻ ያስረዳ። ያኔ ተማሪው ሙሃጂር አላህ የከለከለውን የተወ ሰው ነው የሚለውን ሐዲሥ ሲሰማ ከየት እንደመጣ አይጠፋበትም።