ርዳታ ሲቋረጥ ያልተቋረጠ ሥራ፤ ከጃፓን ትምህርት ቤቶች የጤና አጠባበቅ ታሪክ

በትምህርት ቤት የጤናና የሰውነት ማጎልመሻ ሥራ መጀመር እምብዛም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ጀማሪዎቹ ሲዛወሩና የርዳታው ገንዘብ ሲያልቅ ሥራው እንዳይቀር ማድረግ ነው። ጃፓን በዚህ ፈተና ካለፉት አገሮች አንዷ ናት።

በዚያች አገር የተማሪዎች ምሳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1889 በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን በጽሩኦካ ከተማ፣ የቡድሃ መነኮሳት ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ለድኾች ልጆች ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ምግብ በመጥፋቱ ሥራው ተዳክሞ ቆይቶ፣ በ1946 መጨረሻ በውጭ ርዳታ እንደገና ተጀመረ። በ1951 ግን ከአሜሪካ ይመጣ የነበረው የርዳታ ገንዘብ ስለ ተቋረጠ ምሳው ሊቀር ተቃረበ። መንግሥት ወጪውን እንዲረከብ በየስፍራው አቤቱታ ቀረበ፤ በ1954 የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ ወጣ። ሕጉ ሸክሙን አከፋፈለ፤ የማብሰያ ቤቱንና የሠራተኛውን ወጪ ትምህርት ቤቱን ያቋቋመው አካል፣ የምግቡን ዋጋ ደግሞ ወላጆች እንዲችሉ ደነገገ።

ለጤና ጥበቃውም ቋሚ ሰው ተመደበለት። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትራኮማ የተባለውን የዓይን በሽታ ለማከም በትምህርት ቤቶች የተቀጠሩት ነርሶች፣ በ1941 የመምህርነት ማዕርግ አገኙ። በ1958 የወጣው የትምህርት ቤት ጤና ሕግም የተማሪዎችን ዓመታዊ የጤና ምርመራ አጸና። እንግዲህ አንዷ ብትሄድ ሌላዋ የምትተካበት መደብ፣ ምርመራውም የሚደረግበት የታወቀ ጊዜ ነበረው ማለት ነው።

የሰውነት ማጎልመሻውም በመለኪያ ታገዘ። ሻምበል አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶን ለሁለተኛ ጊዜ ድል ባደረገበት በ1964፣ የጃፓን ትምህርት ሚኒስቴር የልጆችንና የወጣቶችን የሰውነት ብቃት በየዓመቱ መመዘን ጀመረ። ምዘናው ድካምንም አልሸሸገም፤ ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ የልጆቹ ሩጫና ውርወራ እያሽቆለቆለ መሄዱ የታወቀው በዚሁ መዝገብ ነው። ሕግና መደብ ሥራው እንዳይቋረጥ ቢያደርጉም ውጤቱ እንዳይወርድ ሊከላከሉ አልቻሉም፤ ጉድለቱ በጊዜው እንዲታይ ግን አስችለዋል።

ስለዚህ አንድ መርሐ ግብር በትምህርት ቤት ሲጀመር፣ ከምርቃቱ በዓል አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ሊያገኙ ይገባል፤ ርዳታው ሲያበቃ ወጪውን የሚችለው ማን ነው? ሠራተኛው ሲዛወር የሚተካው በየትኛው መደብ ነው? ውጤቱስ በየዓመቱ የሚመዘገበው የት ነው?