የኮንሶ ዋካና የታሪክ ምስክርነቱ

የአፍሪካ የእንጨት ቅርጽ ሲነሣ ስማቸው አስቀድሞ ከሚጠራው አንዱ በደቡብ ታንዛኒያና በሰሜን ሞዛምቢክ፣ በሩቩማ ወንዝ ወዲህና ወዲያ የሚኖሩት ማኮንዴዎች ናቸው። ወጣቶች ለአካለ መጠን ደርሰው ሥርዐት ሲፈጸምላቸው ጨፋሪው የሚያጠልቀው «ሊፒኮ» የተባለው ጭምብል በዓለም ታውቋል። በአገራችንስ እንጨት የሰውን ሥራ የሚናገርበት ጥበብ አለን? ብለን ስንጠይቅ መልሱን የምናገኘው ከኮንሶ ዋካ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ የወጣ ተማሪ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ ሊመለከተው ይችላል።

ዋካ ለማንም ሰው አይቆምም። ጠላት የገደለ ወይም እንደ ነብር ያለ አደገኛ አውሬ የጣለ ጀግና፣ ወይም በሕዝቡ ዘንድ የተከበረ ታላቅ ሰው ሲሞት መታሰቢያው ይሆን ዘንድ ከጥድና እርሱን ከመሰለ ጠንካራ እንጨት ይቀረጻል። አቋቋሙም ሥርዐት አለው፤ ይኸውም ጀግናው በመካከል፣ ሚስቶቹ በግራና በቀኙ፣ የገደላቸው ጠላቶችና አራዊት ከዳር ይቆማሉ። በጀግናው ግንባር ላይ የሚታየው ሹል ጌጥ «ካላሻ» የክብሩ ምልክት ነው፤ ጠላቶቹ ግን ብዙ ጊዜ ተሰልበው ይታያሉ።

እንግዲህ የዋካ ትርጉም ያለው በአንዱ ምሥል ብቻ ሳይሆን በረድፉ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። አንዱን ነቅሎ የወሰደ ሰው እንጨቱን ቢያገኝም ሟቹ ስንት ሚስት እንደ ነበረው፣ ምን እንደ ገደለም ሊያውቅ አይችልም። የሟቹም ስም በእንጨቱ ላይ አልተጻፈም፤ ስሙንና ትውልዱን የያዙት የአገሩ ሽማግሌዎች ናቸው።

ምስጥና ዝናም ዋካን ከጥንት ጀምሮ ይጎዱት ነበር። ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ብዙ ምሥሎች ከመቃብራቸው ተሰርቀው ለነጋዴ መሸጣቸው ነው። ከሌቦች የተመለሱት በካራት ከተማ በሚገኘው የኮንሶ ሙዚየም ተጠብቀዋል። ማኮንዴዎችም ከዚህ ዕጣ አላመለጡም፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ከዳሬሰላም ብሔራዊ ሙዚየም የተሰረቀ አንድ ጭምብል በጄኔቫ የባርቢየ ሙለር ሙዚየም ዘንድ ተገኝቶ ወደ ታንዛኒያ የተመለሰው በ2010 ነበር። ይህ ጭምብል ሲጠየቅ ሊታወቅና ሊመለስ የቻለው አስቀድሞ በሙዚየም ይገኝ ስለ ነበረ ነው። በሜዳ ቆሞ ስሙም ረድፉም ያልተመዘገበ ዋካ ግን ቢገኝ እንኳ ወደ የትኛው መቃብር ይመለሳል?

የኮንሶ መልክዐ ምድር ከ400 ዓመት በላይ ከኖሩት የድንጋይ እርከኖቹና በካብ ከታጠሩት መንደሮቹ ጋር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ዋካ የማቆም ልማድ ለመጥፋት የተቃረበ መሆኑ ተነግሯል። ምሥሉን በመስታወት ውስጥ ማኖር እንጨቱን ያድነዋል፤ ታሪኩን የሚያድነው ግን ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ የእያንዳንዱን ዋካ ስም፣ ቦታና ረድፍ መጻፍ ነው። ይህም ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ደብተር፣ የአገሩን ቋንቋ የሚያውቅ ሰውና ትዕግሥት ይበቃዋል። ለዚህም የታሪክ ተማሪዎች ከማንም በፊት ልንነሣ ይገባናል።