የ1998ቱ ክረምትና የኦሞ ሙላት

የ1998 ዓ.ም. ክረምት ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው ድሬዳዋን ነው። ሐምሌ 30 አጥቢያ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ፈጀ። ከተማዋ መንገድም፣ አውሮፕላን ማረፊያም፣ ስልክም ነበራትና ሐዘኗ ፈጥኖ የአገር ሐዘን ሆነ፤ ይገባታልም።

ከሳምንት በኋላ፣ ነሐሴ 7፣ የኦሞ ወንዝ የዳሰነችን ምድር አጥለቀለቀው። የተነገረው የሟቾች ቁጥር 364 ነበር፤ ከድሬዳዋው ይበልጣል። ዳሩ ግን ደቻቱን በስም ከሚያውቀው የአዲስ አበባ አንባቢ ስንቱ ኦሞራቴን ያውቃል? አንዱ ምክንያት ርቀቱ ነው። ሌላው ግን የገዛ ፖለቲካችን ነው፦ ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ ብዙ የግል ጋዜጦች ተዘግተው፣ አዘጋጆቻቸውም ታስረው ስለነበር፣ «ሕዝቡ አስቀድሞ ለምን አልተነገረውም?» ብሎ የሚሞግት ብዕር ጥቂት ነበር።

ጥያቄው ደግሞ ቀላል አልነበረም። ለዳሰነች ሙላት ጠላት ሆኖ አያውቅም፤ ውኃው ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ የሚዘራ ሕዝብ ወንዙ ሲሞላ የሚጠብቀው በተስፋ ነው። የዚያን ዓመቱ ከወትሮው የተለየ መሆኑን ሊነግረው የሚችለው ከላይኛው ተፋሰስ የሚመጣ ወሬ ብቻ ነበር።

በጊዜው ብዙም ያልተወራለት ያ ሙላት ከዓመታት በኋላ ለጊቤ ሦስት ግድብ መከራከሪያ ሆኖ ተጠቀሰ። ሙታኑ ለዜና ባይበቁም ለማስረጃ በቁ ማለት ነው። ግድቡ በታኅሣሥ 2009 ተመረቀ፤ ደለል ያመጣ የነበረው ዓመታዊ ሙላትም የቀድሞ ሥርዓቱን አጣ። ግድቡ እያለም፣ በ2016 ዓ.ም. የኦሞና የቱርካና ሐይቅ ውኃ ዳሰነችን መልሶ አፈናቀለ።