ሆኪና የተቆለፈው መዝገብ

ሃሚልተን ከቶሮንቶ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የብረት ፋብሪካ ከተማ ናት። በ1925 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በብሔራዊ ሆኪ ሊግ ውስጥ ታይገርስ የሚባል የራሷ ክለብ ነበራት፤ ክለቡም በዚያ ዓመት ሊጉን በአንደኝነት ጨረሰ። ተጫዋቾቹ ግን ለዋንጫው ማጣሪያ በረዶው ላይ አንወጣም አሉ። ሊጉ የጨዋታውን ብዛት ከ24 ወደ 30 ሲያሳድግ ደመወዛቸውን ባለበት ትቶት ነበር። ለተጨማሪው ሥራ በነፍስ ወከፍ 200 ዶላር ጠየቁ። የሊጉ ፕሬዚዳንት ፍራንክ ካልደር ሁሉንም አገዳቸው። ተጫዋቾቹ ለኒውዮርክ ክለብ ተሸጡ፤ ሃሚልተንም ከዚያ ወዲህ በሊጉ ውስጥ ክለብ ኖሯት አያውቅም።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቶሮንቶ ውስጥ የሌሎችን ገቢና ወጪ ስመዘግብ ነው የኖርኩት። ስለዚህ እዚህ አገር ሁሉም የሚያወራለትን ጨዋታ ስከታተል ዓይኔ ከግቡ ይልቅ ሂሳቡ ላይ ያርፋል። የሆኪ ደመወዝ ታሪክ ለእኔ አንድ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው፤ መዝገቡን የማየት መብት የማን ነው?

ይህን ጥያቄ በግልጽ ያነሣው ቴድ ሊንድሴይ ነው። የዲትሮይት ተጫዋች ነበር፤ ቁመቱ አጭር፣ ጠቡ ረጅም። በፌብሩዋሪ 1957 ከሞንትሪያሉ ዳግ ሃርቪ ጋር ሆኖ የተጫዋቾች ማኅበር መቋቋሙን አስታወቀ። ያኔ ሊጉ ስድስት ክለቦች ብቻ ነበሩት፤ ከአለቃው የተጣላ ተጫዋች መሄጃው ጠባብ ነበር። ብዙዎቹ በብርዱ ወራት ተጫውተው በሙቀቱ ወራት ሌላ ሥራ ይፈልጉ ነበር። ከዚያችው ደመወዝ ላይ እያንዳንዱ በዓመት 900 ዶላር ለጡረታ ያዋጣል። ሊንድሴይ ያዋጣነው ገንዘብ ምን ላይ እንዳለ አሳዩን አለ። ባለቤቶቹ አላሳዩትም። የዕቁብ ዳኛ ደብተሩን አላሳይም ቢል በሚቀጥለው እሑድ ማን ገንዘቡን ይሰጠዋል? እነዚህ ሰዎች ግን ለዓመታት ሲያዋጡ ኖረዋል።

ሊንድሴይ በዚያ የውድድር ዓመት ባስቆጠራቸውና ባመቻቻቸው ግቦች 85 ነጥብ አስመዝግቦ ነበር፤ በሕይወቱ ከዚያ የበለጠ አላስመዘገበም። የዲትሮይት ሥራ አስኪያጅ ጃክ አዳምስ ግን ወቅቱ እንዳለቀ ከግብ ጠባቂው ግሌን ሆል ጋር ወደ ቺካጎ ላከው፤ ቺካጎ ደግሞ የሊጉ መጨረሻ ነበረች። መልእክቱ ለሁሉም ደረሰ። በኖቬምበር የዲትሮይት ተጫዋቾች ራሳቸው ከማኅበሩ ወጡ። በፌብሩዋሪ 1958 ከፍርድ ቤት ውጭ ስምምነት ተደርጎ ዝቅተኛው ደመወዝ 7,000 ዶላር ሆነ፤ ማኅበሩ ግን ከሰመ። ሊንድሴይን የማከብረው በዚህ ብቻ አይደለም። በ1966 ወደ ሆኪ የክብር አዳራሽ ሲመረጥ ሥነ ሥርዓቱ ለወንዶች ብቻ ስለነበረ ባለቤቴና ልጆቼ ካልገቡ እኔም አልገባም ብሎ ቀረ።

በ1967 አዲስ ማኅበር ተቋቋመ፤ መሪውም ጠበቃው አለን ኢግልሰን ሆነ። ኢግልሰን ማኅበሩን እየመራ የተጫዋቾች ወኪልም ነበር፤ ከባለቤቶቹም ጋር ወዳጅ ነበር። አንድ ሰው በሦስት ወንበር ሲቀመጥ ሂሳቡን የሚመረምር አይኖርም። ደመወዝን በዚያ ዘመን ከፍ ያደረገው ማኅበሩ ሳይሆን በ1972 የተነሣ ተፎካካሪ ሊግ ነው፤ ቦቢ ሃልን ለፊርማው ብቻ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ ወደ ዊኒፔግ ወሰደው። ካርል ብሩወርና ሌሎች ጡረተኞች የጡረታውን ጉዳይ ፍርድ ቤት አቀረቡ፤ በ1992 አንድ የኦንታሪዮ ዳኛ ከጡረታው የተረፈው ገንዘብ የተጫዋቾቹ ነው ብሎ ፈረደላቸው። ሊንድሴይ ከጠየቀ 35 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ኢግልሰን በ1998 በማጭበርበር ጥፋተኛነቱን አምኖ 18 ወር ተፈረደበት።

ኢግልሰን ከመሪነቱ ከወረደ በኋላ ማኅበሩን የያዘው ቦብ ጉድናው የሚያጎነብስ ሰው አልነበረም። በኤፕሪል 1992 ተጫዋቾቹ ለአሥር ቀን ሥራ አቆሙ። በ1994 ደግሞ ተራው የባለቤቶቹ ሆነ፤ አዲሱ ኮሚሽነር ጋሪ ቤትማን በተጫዋቾቹ ላይ በሩን ዘጋ፤ ሲከፈት የተረፈው 48 ጨዋታ ብቻ ነበር። ባለቤቶቹ የፈለጉትን፣ አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ የሚከፍለውን የሚገድበውን የደመወዝ ጣሪያ ግን አላገኙም። አማካዩ ደመወዝ በአሥር ዓመት ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር ትንሽ ከፍ ካለ መጠን ተነሥቶ 1.8 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ።

በ2004 መጀመሪያ ሂሳቡን እንዲመረምር ሊጉ የቀጠረው አርተር ሌቪት ሪፖርቱን አወጣ፤ ክለቦቹ በአንድ ወቅት 273 ሚሊዮን ዶላር ከስረዋል፣ ከገቢያቸውም 75 በመቶው ለደመወዝ ሄዷል አለ። ማኅበሩ ቁጥሩን አልተቀበለም። እኔም በእርሱ ቦታ ብሆን አልቀበልም፤ ከፋዩ ራሱ የመረጠው ኦዲተር የተከፋዩን ጥርጣሬ አያጠፋም። በሴፕቴምበር በሩ ተዘጋ። በዲሴምበር ተጫዋቾቹ ከደመወዛችን 24 በመቶ ይቀነስ ብለው ራሳቸው አቀረቡ፤ ባለቤቶቹ ጣሪያ ከሌለ አንቀበልም አሉ። በመጨረሻው ቀን ስለ ጣሪያው መጠን ባለቤቶቹ 42.5 ሚሊዮን፣ ተጫዋቾቹ 49 ሚሊዮን ላይ ቆመው ነበር። በፌብሩዋሪ 16 ቀን 2005 ቤትማን ወቅቱ መሰረዙን አስታወቀ። በወረርሽኝ ከተቋረጠው ከ1919 ወዲህ የሻምፒዮኑ ሽልማት፣ የስታንሊ ዋንጫ፣ ያልተሰጠበት የመጀመሪያው ዓመት ሆነ። ያን ጊዜ ታክሲ የሚነዳ ጓደኛዬ የቅዳሜ ማታ ገቢው ከስታዲየሙ በር ነበር፤ የብርዱን ወራት በሙሉ በዚያ በር ሲያልፍ መብራት አላየም።

በጁላይ ተጫዋቾቹ እጅ ሰጡ። ጣሪያው 39 ሚሊዮን ሆነ፤ በፌብሩዋሪ እምቢ ካሉት በታች። ያው 24 በመቶም ተቀነሰ፤ ጉድናው ወዲያው ለቀቀ። ሁሉም ሽንፈት አለው፤ ሽንፈትም ነበር። ነገር ግን በዚያ ውል ውስጥ ሊንድሴይ የጠየቀው ገብቷል። ጣሪያው የሚሰላው ከሊጉ ገቢ ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት የተጫዋቾች ድርሻ 54 በመቶ ተባለ። ገቢው ካልታወቀ ጣሪያውም አይታወቅም። ስለዚህ ትኬቱ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ማስታወቂያው ሁሉ በገለልተኛ ኦዲተር እየተመረመረ ለማኅበሩም ይቀርባል፤ ገቢ የደበቀ ክለብም ይቀጣል። ተጫዋቾቹ በዋጋው ተዋረዱ፤ መዝገቡን ግን ከፈቱት።

ዋጋው በየደመወዝ ቀኑ ይከፈላል። ከእያንዳንዱ ተጫዋች ደመወዝ የተወሰነው በመያዣ ይቀመጥና በዓመቱ መጨረሻ ድርሻቸው ካለፈ ትርፉ ለባለቤቶቹ ይሄዳል። ቡድን ማቆየትም ከበደ። ቺካጎ በ2010 ከ49 ዓመት በኋላ ዋንጫ አንሥታ ወዲያው ተጫዋቾቿን ላድን፣ ባይፍሊንንና ግብ ጠባቂውን ኒየሚን ለቀቀች፤ ለሁሉም የሚበቃ ቦታ በጣሪያው ሥር አልነበረም። በዚያው ዓመት ኒው ጀርሲ ለኢልያ ኮቫልቹክ የ17 ዓመት፣ የ102 ሚሊዮን ዶላር ውል ጻፈ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ክፍያው በዓመት 550,000 ብቻ ነበር። ጣሪያው የሚያየው አማካዩን ስለሆነ፣ ረጅሙ ጅራት አማካዩን እንዲያወርድ ታስቦ ነው። የግልግል ዳኛ ውድቅ አደረገው። ትክክል ፈርዷል እላለሁ፤ እንዲህ ያለ ውል በእኔ ጠረጴዛ ቢያልፍ አልፈርምበትም።

በ2012 በሩ እንደገና ተዘግቶ በጃንዋሪ 2013 ሲከፈት ድርሻው 50 በ50 ሆኖ ነበር፤ የውል ዕድሜም እስከ 8 ዓመት ተገደበ። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ገቢው ሲወድቅ ጣሪያው 81.5 ሚሊዮን ላይ ቆመ፤ ለ2025–26 ወቅት 95.5 ሚሊዮን ሆነ።

በ2025 ሁለቱ ወገኖች የነበረው ውል ሊያልቅ ከአንድ ዓመት በላይ ሲቀረው እስከ 2030 የሚዘልቅ አዲስ ውል ተስማሙ፤ አንድም ጨዋታ አልተሰረዘም። ቁጥሩ ለሁለቱም ስለሚታይ ክርክሩ እንዳጠረ አምናለሁ። ያልተነካ ነገር ግን አለ። ትኬት የሚቆርጡት፣ ወንበር የሚጠርጉት፣ መኪና የሚያስቆሙት ሠራተኞች በዚህ የ50 በ50 ቀመር ውስጥ የሉም፤ በሩ በተዘጋ ቁጥር ቀድሞ የሚቋረጠው የእነርሱ ደመወዝ ነው። ለ2030 ድርድር የምጠይቀው አንድ መስመር ነው፤ ገቢው ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ለእነዚህ ሠራተኞች መጠባበቂያ ይቀመጥ። ገቢውን የሚያውቀው አሁን አንድ ወገን ብቻ ስላልሆነ፣ ስንት ማስቀመጥ እንደሚቻል ማስላት አያቅትም።