የፊሽካው እንግሊዝኛ

አንድ የ35 ዓመት ሰው ቋንቋውን ወደማያውቀው አገር ገባ እንበል። ቀን ፋብሪካ ውስጥ ብረት ሲሸከም ውሎ ማታ እንግሊዝኛ ሊማር ክፍል ይገባል። መጽሐፉን ሲገልጥ የሚያገኘው ድመት፣ ኳስና ትንሽ ልጅ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ የገቡ ብዙ ስደተኞች የማታ ትምህርትን ያወቁት እንዲህ ነበር፤ የሕፃን መጽሐፍ፣ ጢም ላወጣ ሰው። ብዙዎቹ ትንሽ ተምረው ቀሩ። ድካሙ ብቻ ያስቀራቸው አይመስለኝም፤ ነገሩ ያሳፍራል።

ይህን ካስተዋሉት ሰዎች አንዱ ፒተር ሮበርትስ ነበር። የዌልስ ተወላጅ ፓስተር ሲሆን፣ የፔንሲልቬንያን የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ኑሮ ያጠና ሰው ነው። በ1909 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እኛ ወወክማ በምንለው ማኅበር በኩል ለአዋቂ ስደተኞች መማሪያ አወጣ። 30 ትምህርት አለው፤ 10ሩ ስለ ቤት፣ 10ሩ ስለ ሥራ፣ 10ሩ ስለ ግብይት። የመጀመሪያው ትምህርት ጠዋት ከእንቅልፍ ስለ መነሳት ነው። አስተማሪው ሲነሳ፣ ሲታጠብ፣ ሲለብስ እየተወነ ያሳያል፤ ተማሪው አብሮት ይላል። ዛሬ ማታ የተማረውን ነገ ጠዋት ይኖረዋል። ለአዋቂ ሰው ትልቅ ክብር ነው።

ግን ኑሮህ መማሪያ ሲሆን አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ ኑሮህን የሚተርከው ማነው?

በ1912 የእርሻ መሣሪያ አምራቹ ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር ለስደተኛ ሠራተኞቹ ያዘጋጀው የመጀመሪያ ትምህርት የሚሽከረከረው በፋብሪካው ፊሽካ ዙሪያ ነው። ሠራተኛው ፊሽካ ሲሰማ ይቸኩላል፣ ልብሱን ይቀይራል፣ ሰዓቱ ሳይደርስ ምሳውን አይበላም፣ ፊሽካ እስኪነፋ ይሠራል፣ ቦታውን አጽድቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ተናጋሪው «እኔ» እያለ ነው የሚያወራው። በዚያ ሁሉ መሃል ግን «እኔ» አንድም ጥያቄ አይጠይቅም።

ፎርድ ደግሞ ነገሩን ሰፋ አድርጎ ያዘው። በጥር 1914 የቀን ክፍያን ወደ 5 ዶላር ሲያሳድግ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ገንዘቡ ግን እንዲሁ አይሰጥም፤ የኩባንያው ሰዎች ቤት ድረስ እየሄዱ ሠራተኛው እንዴት እንደሚኖር ያያሉ። በዚያ ወቅት ከሠራተኞቹ ከ100ው 70 ያህሉ ውጭ አገር የተወለዱ ነበሩ። ስለዚህ ሃይላንድ ፓርክ በሚገኘው ፋብሪካ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የተመረጠውም የሮበርትስ ዘዴ ነበር። ከቃላቱ ጋር ስለ ንጽሕና፣ ስለ ቁጠባ፣ ስለ ገበታ ሥርዓትም ተማሩ።

ምረቃው ቲያትር ነበር። መድረኩ ላይ ግዙፍ ድስት ይቀመጣል። ተመራቂዎቹ የየአገራቸውን ልብስ ለብሰው፣ ጓዛቸውን ይዘው ይገቡበታል፤ አስተማሪዎቹ በረጅም ጭልፋ ያማስላሉ፤ ሰዎቹ ሱፍ ለብሰው፣ የአሜሪካ ባንዲራ እያውለበለቡ ይወጣሉ። ያው የሮበርትስ ዘዴ ነው፤ የመረጠው ሰው ፍላጎት ግን ድስቱ ውስጥ ከተተው።

ሌላ መንገድም ተሞክሯል። በ1921 ብሪን ማር ኮሌጅ ለሴት የፋብሪካ ሠራተኞች የክረምት ትምህርት ቤት ከፈተ። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ስደተኞች ወይም የስደተኛ ልጆች ነበሩ። እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ የራሳቸውን የሕይወት ታሪክ ጻፉ፤ ስለ ስፌት ማሽኑ፣ ስለ ደሞዙ፣ ስለ አድማው። ጽሑፋቸው ታትሞ እርስ በርስ ይነበብ ነበር። «እኔ» እዚህም አለች፤ የምትናገረው ግን የራሷን ነው።

አሁን ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ከሥራ ወጥታ ማታ እንግሊዝኛ የምትማር አንዲት እናት አስቡ። መጽሐፏ «ይቅርታ፣ አርፍጃለሁ» ማለትን ያስተምራታል፤ ጥሩ ነው፣ ያስፈልጋታል። «ደሞዜ ላይ የሁለት ሰዓት ሥራ ጎድሏል፣ ለምን?» ማለትንስ? ለእናታችሁ፣ ለአክስታችሁ መጽሐፍ ወይም አፕ ስትመርጡ ሥዕሉንና ዋጋውን ከማየታችሁ በፊት ይህን ፈልጉ፤ ተማሪዋ በስንተኛው ገጽ ላይ ነው ጥያቄ የምትጠይቀው?