ቀለም መጨረሻ ይመጣል

እስኪ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የምተርክላችሁ የንጉሥ ታሪክ ወይም የጦር ሜዳ ገድል አይደለም፤ የአንዲት መኪና ታሪክ ነው። ሁለት ወንበር ያላት፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ ወገቧ ከመሬት ብዙም የማይርቅ መኪና። ስሟ ኤም ጂ ቢ ይባላል። በፋብሪካ ተወልዳ፣ ባሕር ተሻግራ፣ ዝጋና ተጥላ፣ በኋላ በተራ ሰዎች እጅ፣ በቤት ጋራዥ ውስጥ ዳግም ቆማ የሄደች መኪና ናት። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝና ልጀምር።

እንግሊዝ አገር፣ ከኦክስፎርድ በስተደቡብ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር አቢንግደን የምትባል ከተማ አለች። ኤም ጂ የተባለው ድርጅት ከ1929 ጀምሮ የስፖርት መኪኖቹን የሚገጣጥመው እዚያ ነበር። በ1962 ከዚያ ፋብሪካ ኤም ጂ ቢ ወጣች። ሞተሯ አራት ሲሊንደር፣ ይዘቱ 1,798 ሲሲ፣ ጉልበቱ ወደ 95 የፈረስ ጉልበት፤ ካርቡራቶሯ ሁለት። በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄድ ነበር። ዋጋዋ ደግሞ ደመወዝተኛ ሊመኘው የሚችል ነበርና፣ ወጣቱም ጎልማሳውም ወደዳት።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ትረካው ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ነው። ከእሷ በፊት የነበረችው ኤም ጂ ኤ ሻንሲ ነበራት፤ አካሏ ከሻንሲው ላይ የተጫነ ነበር። ኤም ጂ ቢ ግን ሻንሲ የላትም። ላሜራዋ ራሱ ተሸካሚ ነው። ጣሪያ ያላት መኪና ብትሆን ጭነቱን ጣሪያውም ይካፈለው ነበር፤ ይህቺ የብረት ጣሪያ ስለሌላት ሸክሙ ሁሉ ወደ ታች ወረደ። በበሩ ግርጌ፣ በግራና በቀኝ፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚዘልቀው የላሜራ ሣጥን፣ ማለትም ደፏ፣ ለዚህች መኪና፣ ምሰሶ ለጎጆ እንደ ማለት ነው። ደፉ ከበሰበሰ መኪናዋ ከመሐሏ ትሰበራለች።

ደፉ ደግሞ አንድ ላሜራ አይደለም። የውጭ ላሜራ አለው፣ የመሐል ላሜራ አለው፣ የውስጥ ላሜራ አለው። በመካከላቸው ክፍት ቦታ አለ። ዝናብ ይገባል፣ ጭቃ ይገባል፤ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው አብሮ ይገባል። ውኃው ይደርቃል፤ ጨው ያዘለው ጭቃ ይቀራል፤ እርጥበት በመጣ ቁጥርም ብረቱን ይበላል። ከውጭ ግን ቀለሙ ያበራል።

እንግዲህ ዓመታት አለፉ። በ1965 ጣሪያ ያላት እኅቷ ጂ ቲ መጣች። ሁለቱ ተደምረው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠሩ፤ አብዛኞቹም በመርከብ ተጭነው አሜሪካ ገቡ። በ1974 የአሜሪካን ደንብ ለማሟላት የሚያብለጨልጨው ፓራውልት ወልቆ ጥቁር ላስቲክ ተገጠመላት፤ ከመሬትም ከፍ ተደረገች። በመታጠፊያ ላይ የነበራት ጥንካሬ በዚያው ቀነሰ። በጥቅምት 1980 ደግሞ የአቢንግደን ፋብሪካ በሩን ዘጋ።

ፋብሪካ ሲዘጋ መኪና ይሞታል ይባላል። የዚህች ዕጣ ግን ሌላ ሆነ። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለ ድርጅት ላሜራዎቿ ይታተሙባቸው የነበሩትን የመጀመሪያዎቹን ቅርጾች አሰባስቦ፣ በ1988 ሙሉ አካሏን እንደ አዲስ እያተመ መሸጥ ጀመረ። ደፍ የፈለገ ደፍ፣ ወለል የፈለገ ወለል፣ ሁሉንም የፈለገ ሙሉ አካል ያገኛል። ከሞተሩ ጓርኒሲዮን እስከ በሩ እጀታ የማይገኝ ዕቃ ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ትልቅ ጋራዥ የሌለው ሰው እንኳ እሷን ለማንሣት የሚደፍረው።

እንግዲህ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ላቁምላችሁ። እንደ እሱ ያሉ ብዙዎች ስለሆኑ ስም አልሰጠውም። በእንግሊዝ አገር፣ ቤቱ ሥር ባለች አንዲት መኪና ብቻ በምትይዝ ጋራዥ ውስጥ በሳምንቱ መጨረሻ የሚሠራ አባት፣ አጠገቡም መብራት የምትይዝለት፣ መንጃ ፈቃድ ገና ያወጣች ልጁ።

ቀይ መኪና ገዛ። ከሩቅ ስትታይ እንከን የላትም። ሰውየው ግን ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ በደፉ ላይ አስኬደው። እዚህ ያዘ፤ እዚህ ያዘ፤ እዚህ ላይ ወደቀ። ማግኔት የወደቀበት ቦታ ብረት አይደለም፤ ስቱኮ ነው። በካቻቪቴ ነካ ሲያደርገው ቀዩ ቅርፊት ተነሣና ከሥሩ ቡናማ ዱቄት ፈሰሰ። ከዚያ ክሪኩን ከደፉ ሥር አስገብቶ በዝግታ ከፍ አደረጋት፤ ዓይኑ ግን የበሩ ጠርዝ ላይ ነበር። በበሩና በኋላው አካል መካከል ያለው ክፍተት እየጠበበ ሄደ። መኪናዋ ወገቧ አልጸና ብሏል።

«አባዬ፣ ቆርጠን አዲሱን እንበይደዋ!» አለች ልጁ።

«ቆይ ልጄ» አላት፤ «ዝም ብለን ከቆረጥነው እንደ ጎበጠች ትቀራለች።»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ጆሮ ስጡኝ። ያረጀው ደፍ ከመቆረጡ በፊት መኪናዋ በካቫሌቶ ላይ ተስተካክላ ትቆማለች። ከዚያ በበሩ ክፍተት፣ ከፊተኛው የማጠፊያ ዓምድ እስከ ኋላኛው የቁልፍ ዓምድ፣ ጠንካራ የብረት ቱቦ ይወጠራል። የሚቆረጠው አንዱ ወገን ብቻ ነው፤ ሌላው የሚነካው የመጀመሪያው ተበይዶ ሲያልቅ ነው። አዲሱ ደፍ መጀመሪያ በነጠላ በነጠላ ነጥብ ይያዛል፤ በሩ ይገጠማል፤ ይከፈታል፤ ይዘጋል፤ ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑ ይታያል። ልክ ከሆነ ብቻ ብየዳው ይቀጥላል፤ እሱም ሙቀቱ ላሜራውን እንዳያጣምመው እየዘለለ፣ አጭር አጭሩን። ባትሪው ተነቅሏል፤ የነዳጁ ታንከር ወርዶ ከጋራዡ ወጥቷል፤ ምንጣፉ ተነሥቷል፤ እሳት ማጥፊያው በእጅ ርቀት ላይ ነው። መጨረሻ ላይ በደፉ ባዶ ሆድ ውስጥ ዝገት የሚከላከል ሰም ይረጫል። ይህ ሥራ ወራት ይወስዳል። ለጎረቤት የሚታይ አንዳችም ነገር የለውም። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ይህ ሳይጸና የተሠራ ሁሉ ከንቱ ነው።

ደፉ ጸና። ቀጥሎ ምን ይምጣ? ልጅቷ ሞተሩን ለመስማት ጓጉታለች። አባት ግን ወደ ፍሬኑ ሄደ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዓመታት የቆየ ዘይት በውስጡ ያለው ውኃ በሙቀት ይተናል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል፤ ያው ውኃ ፒስተኖቹንም ያዝጋል። ስለዚህ ቱቦው፣ ላስቲኩ፣ ሲሊንደሩ ሁሉ ተቀየረ። የፊቱ ዲስክ፣ የኋላው ታምቡር ተፈትሾ ተመለሰ። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ማሻሻያ ገባ። በመጀመሪያዎቹ መኪኖች የፍሬኑ መስመር አንድ ብቻ ነበር፤ አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ይከዳል። ሰውየው መስመሩን ለሁለት የሚከፍለውን ዋና ሲሊንደር ገጠመ፤ አንዱ ቢከዳ ሌላው እንዲይዝ። ይህን «ዋናውን መልኳን አበላሸ» የሚል ካለ፣ እኔ ከሰውየው ጋር ነኝ። ከመኪና ታሪክ የሰው ሕይወት ይበልጣል።

አሁን ሞተሩ። ይህ የብረት ሞተር ብርቱ ነው፤ ግን የተሠራው እርሳስ ለተቀላቀለበት ቤንዚን ነው። እርሳሱ የባልቦላውን መቀመጫ ይጠብቅለት ነበር። እንግሊዝ አገር ከ2000 መጀመሪያ ጀምሮ እርሳስ ያለው ቤንዚን ከአጠቃላይ ገበያ ወጣ። ስለዚህ ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ሄደ፤ በጭስ ማውጫው ባልቦላዎች ሥር የጠንካራ ብረት መቀመጫ ተገጠመለት። በ2021 ደግሞ አሥር በመቶ ኤታኖል ያለው ቤንዚን የተለመደው ሆነ፤ ኤታኖል አሮጌውን ላስቲክ ይበላዋልና የነዳጁ ጎማዎች በሙሉ ኤታኖልን በሚቋቋም ዓይነት ተተኩ።

የኤሌክትሪኩ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ትረካ ነበር። እስከ 1967 በተሠሩት መኪኖች ከአካላቸው ጋር የሚያያዘው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። ባትሪዋም አንድ ሳይሆን ሁለት ባለ 6 ቮልት ነው፤ ከወንበሮቹ ኋላ፣ ከወለሉ ሥር ተደብቀው በተከታታይ ተያይዘው ይሠራሉ። ሰውየው አንድ ባለ 12 ቮልት አስገባ፤ ኔጌቲቩን ከአካሏ ጋር አያያዘ፤ ዲናሞውን በአልተርኔተር ተካ። በዲስትሪቡተሩ ውስጥ እየተቃጠለ በየጊዜው ማስተካከል የሚፈልገውን ፑንቲና አውጥቶ፣ በዚያው ክዳን ሥር የማይታይ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ አስቀመጠ። ከውጭ የተለወጠ ነገር የለም፤ ጠዋት በብርድ ግን በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሣለች።

ካርቡራቶሮቹን ግን አልነካቸውም። ማለቴ አልቀየራቸውም። ሁለቱን ኤስ ዩ ካርቡራቶሮች ፈታ፣ አጠበ፣ ላያቸው ላይ ባለው ጉድጓድ ቀጭን ዘይት ጨመረ። ከዚያ ልጁን ጠርቶ ቀጭን ጎማ ሰጣት። አንዱን ጫፍ ወደ ጆሮዋ፣ ሌላውን ወደ አንደኛው ካርቡራቶር አፍ። ሽሽሽ... ይላል የሚሳበው አየር። ወደ ሁለተኛው አዞረችው። «ይሄኛው ይበረታል» አለች። አባት ማስተካከያ ቪቴዋን በጥቂቱ ፈታ። እንደገና አዳመጠች። ሁለቱ ድምፅ አንድ ሲሆን ሞተሩም መንቀጥቀጡን ትቶ ረጋ። ይህን የሚያህል ደስታ የትኛው ኮምፒዩተር ይሰጣል? እኔ ለዚህች መኪና ያለኝ ፍቅር እዚህ ላይ ነው፤ ሥራዋን በጆሮና በእጅ ልትረዱት ትችላላችሁ።

ክርክር የተነሣው በካምቢዮው ነው። መኪናዋ አራት ማርሽ ናት፤ የሞተሩን ዙር የሚቀንሰው ኦቨርድራይቭ ያልተገጠመላት። በአውራ ጎዳና በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ሞተሯ በደቂቃ ወደ 3,900 ዙር ይዞራል። ይጮኻል፤ ነዳጅ ይበላል።

«አምስተኛ ማርሽ ያለው የፎርድ ካምቢዮ እንግጠምላት፤ ዙሩ ወደ 3,200 ይወርዳል» አለች ልጅቱ።

«ካምቢዮዋ የራሷ ነው እኮ።»

«አባዬ፣ አያቴ ቤት ለመሄድ በአውራ ጎዳናው መጓዝ አለብን። ጆሯችን የማይችላት ከሆነ ዘወትር እዚህ ትቆማለች። የቆመች መኪና ደግሞ ትዝጋለች።»

አባት ዝም አለ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ «ሲገጠም ላሜራ ይቆረጣል?» አይቆረጥም፤ በቡሎን ተገጥሞ በቡሎን የሚወጣ ነው። «እንግዲያው ይሁን» አለ። የድሮው ካምቢዮ ግን አልተጣለም። ታጠበ፣ ዘይት ተቀባ፣ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ነገ ሌላ ባለቤት ቢመጣና «እንደ ተወለደች ልመልሳት» ቢል መንገዱ ክፍት ነው።

የአገሩ ሕግም የመኪናውን መሠረት ወደማይለውጥ ማሻሻያ ያዘነብላል። ከ2018 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ያለፈ መኪኖች ከዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ነፃ ሆነዋል፤ ባለፉት 30 ዓመታት ከመሠረታቸው የተለወጡት ግን አይደሉም። ነፃ የሆነውም ቢሆን መኪናው ለመንገድ ብቁ የመሆኑ ኃላፊነት ከባለቤቱ ጫንቃ አይወርድም። ስምንት ሲሊንደር ሞተር ለመጫን የሚመኙ አሉ፤ ፋብሪካው ራሱ በ1973 በጂ ቲዋ ላይ አድርጎታል። መብታቸው ነው፤ ግን ከዚያ ጉልበት በፊት ያንን ጉልበት የሚያቆም ፍሬንና የሚሸከም ደፍ ይቅደም።

ቀለሙስ? ባለሙያ ጋራዦች ብየዳው እንዳለቀ ይቀቡና ከዚያ ይገጣጥማሉ። ቤት ለሚሠራ ሰው ግን ሌላ ነው። ቁልፍ ይወድቃል፤ ክርን ይነካል፤ የፈሰሰ የፍሬን ዘይት ደግሞ ቀለምን ይልጣል። ስለዚህ ሰውየው ዝገት የሚከለክለውን የሥር ቀለም ብቻ ቀብቶ አንድ በጋ ሙሉ ግራጫ እንደ ሆነች ነዳት። የሚያፈሰው አፈሰሰ፣ የላላው ጠበቀ። ቀዩ ቀለም የመጣው ሁሉም ጸጥ ካለ በኋላ ነው።

ትረካዬን ሳሳርፍ የምለው ይህ ነው። አሮጌ መኪና የሚያነሣ ሰው ሥራው ቅደም ተከተል አለው፤ አስቀድሞ የሚሸከመው፣ ቀጥሎ የሚያቆመው፣ ከዚያ የሚያስኬደው፣ በመጨረሻ የሚያምረው። ይህን የገለበጠ ብዙ ገንዘብ ያወጣና የሚያምር ፍርስራሽ ይነዳል። ማሻሻያ ስትጨምሩም ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ሰው ይጠብቃል ወይ? ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል ወይ? ለሁለቱም መልሱ «አዎ» ከሆነ ግጠሙት። እንግዲህ አንዷን ልትገዙ የሄዳችሁ ቀን ኮፈኑን አስከፍታችሁ ከመደነቃችሁ በፊት፣ ስለ ቀለሟም ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ልብሳችሁ ይቆሽሽ፤ ተንበርከኩና ደፏን እዩ።