የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮናና የኢትዮጵያ ድርሻ



ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚነሣበት ቱሉ ዲምቱ፥ ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። በዚያ ሠፈር በአንድ ሰንበት ስናልፍ ሕፃናት ክብ ብረት ከምሰሶ ላይ ሰቅለው ኳስ ሊያስገቡ ሲሽቀዳደሙ አየን። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ቢመስልም የአገራችን ስም ያለበት ታሪክ ስላለው፥ ዛሬ በአጭሩ ልንገልጽላችሁ ወደድን።

የቅርጫት ኳስን የፈጠረው ጄምስ ናይስሚዝ የተባለ የካናዳ ተወላጅ መምህር ነው። በታኅሣሥ 1884 ዓ.ም. በአሜሪካ በስፕሪንግፊልድ ከተማ፥ ተማሪዎቹ በብርዱ ወራት በአዳራሽ ውስጥ የሚጫወቱትን ሲፈልግ፥ ሁለት የኮክ መልቀሚያ ቅርጫቶች ቸንክሮ ሕጉን በ13 አንቀጽ ጻፈ። በ1924 ዓ.ም. 8 አገሮች በጄኔቭ ዓለም አቀፉን ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1943 ዓ.ም. በቦነስ አይረስ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና አርጀንቲና አሸነፈች።

በዚያን ጊዜ አፍሪካ የራስዋ ውድድር አልነበራትም። ስለዚህ ግብፅ ከአውሮፓ አገሮች ጋር ትወዳደር ነበር፤ በ1941 ዓ.ም.ም በካይሮ የአውሮፓን ሻምፒዮና አሸነፈች። ይህ ታላቅ ክብር ነው፤ ነገር ግን የአፍሪካ አገሮች እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት ሜዳ እንዳልነበራቸው ያስረዳል።

ይህ ጉድለት የተሞላው በመጋቢት 1954 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮና በካይሮ ሲከፈት፥ ከተሰለፉት ጥቂት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ዋንጫውን የወሰደችው የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ናት፤ ይህችኑ አገር በዚያው ዓመት በጥር ወር የእግር ኳስ ቡድናችን በአዲስ አበባ 4 ለ 2 አሸንፏት ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እንኳ ገና አልተመሠረተም።

ከዚያ ወዲህ ሴኔጋል፥ ማዕከላዊ አፍሪካና ሌሎችም ዋንጫውን አንሥተዋል፤ አንጎላ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በሉዋንዳ ለ12ኛ ጊዜ አሸንፋለች። በዚያ ውድድር ከተሰለፉት 16 አገሮች መካከል ግን ከመሥራቾቹ ጋር የቆመችው ኢትዮጵያ አልነበረችም። በ2003 ዓ.ም. ነጻ የወጣችው ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን በ2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ገብታ፥ በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 ረታለች።

ይህን የምንናገረው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ናይስሚዝ ሥራውን የጀመረው በሀብት ሳይሆን በሁለት ቅርጫት እንደ ሆነ ለማሳሰብ ነው። እንግዲህ ከእናንተ መካከል የሠፈር ፕላን የሚነድፍ፥ የትምህርት ቤት በጀት የሚያጸድቅ ቢኖር፥ ለአንድ ሜዳ የሚበቃ ደልዳላ ቦታ ከሕንፃዎቹ መካከል ይተው። ልጆቹስ፥ በቱሉ ዲምቱ እንዳየነው፥ ሳይጠሩ መጥተዋል።